የወታደር ልብስ በፎቶግራፍና በተረፈ ኮት ብቻ አይጠናም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የድሮ ወታደሮች የደንብ ልብስ እንዴት መጠናት እንዳለበት የሚያትት አንድ ጽሑፍ ለንባብ በቅቷል። ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነው፦ የአለባበስ ደንቦችና የግምጃ ቤት መዝገቦች የአለቆች ምኞት የሰፈረባቸው ወረቀቶች ስለሆኑ ወደ ጎን ይተዉ፤ ፎቶግራፍ የነበረውን እንደነበረ ያሳያል፤ በየሙዚየሙ የተረፈው ልብስ ደግሞ በእጅ የሚዳሰስ እውነት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ብቻውን በቂ ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ስለ ጨርቅ ቀለም፣ ስለ ቁልፍ አቅጣጫ፣ ስለ ወታደሮች ቁመና፣ ስለ ልብስ እጥበት፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶን በኮምፒዩተር ስለ ማቅለምም ተራ በተራ ድምዳሜ ሰጥተዋል።

ጸሐፊውን የሚያንቀሳቅሳቸው ፍቅር የእኔም ነው። ተራው ወታደር ስለ ራሱ የጻፈው ጥቂት ነው፤ ብዙውም ምንም አልጻፈም። ከእሱ የቀረልን ፊቱ የታተመበት ትንሽ ፎቶግራፍ፣ ዕድል ከቀናም ክርኑ ላይ የተጣፈ ኮት ነው። እነዚህን በትዕግሥት የሚመረምር ሰው ትልቅ ሥራ ይሠራል። ነገር ግን ምስክር ሁሉ የሚያውቀውን ያህል ብቻ ነው የሚናገረው፤ ያልተጠየቀ ምስክር ደግሞ ያሳስታል። ነጥብ በነጥብ ልመልስ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ የቀለም ነገር ነው። ጸሐፊው በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ ጠቁሮ የሚታይ ልብስ በእርግጥም ጠቆር ያለ ቀለም እንደነበረው፣ ፈክቶ የሚታየውም ፈካ ያለ እንደነበረ፣ ስለዚህ ከግራጫው መጠን የጨርቁን ቀለም ማወቅ እንደሚቻል ጽፈዋል። በዚህ የጥናት መስክ ይህን ያህል ጥፋት ያደረሰ ሐሳብ ያለ አይመስለኝም። ከ1850ዎቹ ጀምሮ እስከ 1880 ገደማ በስፋት ያገለገለው እርጥብ የኮሎዲየን የመስታወት ሰሌዳ (ምስሉ የሚቀረጽበት፣ ኮሎዲየን በተባለ ኬሚካል የተቀባ መስታወት) የሚሰማው ሰማያዊን፣ ወይን ጠጅን እና ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ብቻ ነበር። ቢጫና ቀይ ለሰሌዳው ጨለማ ናቸው። በዚያ ዘመን ፎቶዎች ላይ ሰማዩ ባዶ ነጭ ሆኖ የሚታየው፣ ሰማያዊ ዓይኖች የነጡ መስለው የሚወጡት፣ በፊት ላይ ያለ ጠቃጠቆም ከተፈጥሮው ይልቅ ጎልቶ የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ በወታደር ልብስ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) መውሰድ ይበቃል። የሰሜኑ ጦር እግረኛ ወታደር መለያ ቀላል ሰማያዊ፣ የፈረሰኛው ቢጫ፣ የመድፈኛው ቀይ ነበር። ለዓይን ከሦስቱ ይበልጥ የሚያበራው ቢጫው ነው። በኮሎዲየን ሰሌዳ ላይ ግን ፈክቶ የሚወጣው የእግረኛው ሰማያዊ ሲሆን፣ የፈረሰኛው ቢጫ የማዕረግ ምልክት ከጥቁር ሰማያዊው ኮት ጋር ተመሳስሎ ይደበቃል፤ አንዳንዴም ከኮቱ ራሱ ጠቁሮ ይታያል። ቢጫውና ቀዩ ደግሞ አንዱ ከሌላው አይለዩም። በጸሐፊው መንገድ የሄደ ሰው እንግዲህ ፈረሰኛውን መድፈኛ፣ መድፈኛውን ምልክት የሌለው ተራ ወታደር ብሎ መዝግቦ ሊያልፍ ነው።

ሰሌዳው በየጊዜው መለዋወጡ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ፎገል በ1873 ሰሌዳውን በማቅለሚያ በመንከር አረንጓዴና ቢጫም እንዲሰማው የሚያደርግ መንገድ አገኘ፤ ከዚህ የመጣው ኦርቶክሮማቲክ የተባለው ሰሌዳ ግን አሁንም ለቀይ ዕውር ነበር። ቀይን ጨምሮ ሁሉንም የሚቀበሉ ሰሌዳዎች ለገበያ የቀረቡት በ1906 ነው፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን አሮጌው ዓይነት ለብዙ ዓመታት አብሮ ሲሠራበት ቆይቷል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጨርቅ በ1862፣ በ1895ና በ1916 ፎቶ ቢነሣ ሦስት የተለያዩ ግራጫዎች ሊሰጠን ይችላል። የፈረንሳይ ጦር ከ1829 ጀምሮ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ድረስ የለበሰው ደማቅ ቀይ ሱሪ በ1914 ፎቶዎች ላይ ብዙ ጊዜ ጥቁር መስሎ ይታያል። በ1915 የተተካው ቀላል ሰማያዊ ልብስ ደግሞ በአንዳንድ ፎቶ ላይ ነጭ ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ታሪኩን የማያውቅ ተመልካች ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ቢያይ፣ ፈረንሳዮች ከጥቁር ልብስ ወደ ነጭ ልብስ ተዛወሩ ብሎ መደምደሙ አይቀርም።

ፎቶግራፍ ስለ ቀለም ምንም አይነግረንም ማለቴ ግን አይደለም። በአንድ ፎቶ ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሰሌዳና አንድ ዓይነት ብርሃን ስለተጋሩ፣ የአንደኛው ሱሪ ከሌላው ከተለየ ልዩነቱ እውነተኛ የመሆኑ ዕድል ትልቅ ነው። የአንገትጌው ቁመት፣ የቁልፎቹ ብዛት፣ የኪሱ አከፋፈት፣ እጅጌው ላይ ያለው ስፌት፣ ልብሱ ትከሻ ላይ የሚያርፍበት መንገድ፣ እነዚህን ሁሉ ፎቶግራፍ ከማንኛውም ደንብ በተሻለ ያሳየናል። ያልሆነውን እንዲናገር ማስገደዱ ነው ስሕተቱ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ሌላው የጸሐፊው ምክር ጥቁርና ነጩን ፎቶ በዘመኑ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ማቅለም ነው። ፕሮግራሙ የጨርቁን ቀለም የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ከዚህ በፊት ካያቸው ሚሊዮን ፎቶዎች በመነሣት ይገምታል እንጂ። በሰሌዳው ላይ የጠፋ መረጃ በግምት አይመለስም። የፈረንሳዩ ቀይ ሱሪ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ የተቀለመው ፎቶ ደግሞ ከጥቁርና ነጩ ይልቅ አሳማኝ ስለሚመስል ስሕተቱ ከዓመት ዓመት እየተባዛ ይሄዳል። እውነተኛ የቀለም ፎቶ ለሚፈልግ የሉሚየር ወንድማማቾች በ1907 ለገበያ ያቀረቡት ኦቶክሮም አለ። በብርቱካናማ ቀይ፣ በአረንጓዴና በወይን ጠጅ ሰማያዊ የተነከሩ ደቃቃ የድንች ስታርች ቅንጣቶች በመስታወት ላይ ተነስንሰው የሚሠራ ነው፤ የፈረንሳይ ጦር ፎቶ አንሺዎችም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተጠቅመውበታል። ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ መቆም ስለሚጠይቅ የሚያሳየን ተዘጋጅተው የቆሙ ሰዎችን ነው። እንዲያም ሆኖ ለዚህ ጥናት ከማንኛውም የኮምፒዩተር ቅብ ይበልጣል።

ሁለተኛው ነጥብ የቁልፍ አቅጣጫ ነው። ጸሐፊው በአንዳንድ የ1860ዎቹ ፎቶዎች ላይ የኮቱ ቁልፎች በተቃራኒው በኩል መሆናቸውን አይተው አንዳንድ ክፍሎች ልዩ አቆላለፍ ነበራቸው ብለዋል። መልሱ አጭር ነው። በብር በተለበጠ የመዳብ ሉህ ላይ የሚነሣው ዳጌሮታይፕና በብረት ሉህ ላይ የሚነሣው ቲንታይፕ ኔጋቲቭ የላቸውም፤ ካሜራው ውስጥ የገባው ሰሌዳ ራሱ ፎቶው ነው። ስለዚህ ምስሉ በመስታወት ፊት እንደቆመ ሰው ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይወጣል። የቀበቶው ዘለበት ላይ ያለውን ጽሑፍ ማየት ነው፤ ፊደሎቹ ከተገለበጡ ቁልፎቹም ተገልብጠዋል። ጽሑፍ ከሌለ በግራ ጎን መንጠልጠል ያለበት ሰይፍ በቀኝ፣ በቀኝ ዳሌ ላይ መሆን ያለበት የጥይት ኮሮጆም በግራ ከታየ ያው ነው። ታዋቂው ሽፍታ ቢሊ ዘ ኪድ ለብዙ ዓመታት ግራኝ ነው ተብሎ የታመነው አንድ ቲንታይፕ እንደ ቀጥተኛ ፎቶ ስለተነበበ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ መጨመር ይገባል፦ አንዳንድ ወታደሮች ይህን ያውቁ ስለነበር በፎቶው ላይ ትክክል እንዲመስል ሲሉ ትጥቃቸውን ሆን ብለው አዙረው ይታጠቁ ነበር። ስለዚህ በአንድ ምልክት ብቻ መፍረድ አይገባም፤ ቁልፉ፣ ዘለበቱና መሣሪያው አንድ ላይ መታየት አለባቸው።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁለተኛው ከፍ ያለ ክብደት አለው። ጸሐፊው ወታደሩ በፎቶው ላይ የለበሰው በጦር ሜዳ የለበሰው ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ፎቶ የሚነሣ ሰው ምን እንደሚያደርግ መርሳታቸው ይገርመኛል። አዲስ ምልምል ወደ ፎቶ ቤት የሚሄደው ልብሱን በተቀበለ ሰሞን ነው፤ ጨርቁ ገና እጥፋቱን አልለቀቀም፣ እጅጌውም አልተስተካከለም። ፎቶውን ለእናቱ ወይም ለእጮኛው ሊልክ ስለሆነ ያለውን ሁሉ ይታጠቃል፤ የሌለውንም ይዋሳል። በብዙ ፎቶ ቤቶች ውስጥ ሽጉጥ፣ ረጅም ቢላዋና ሰይፍ ለደንበኛ መነሻነት ይቀመጡ እንደነበር የታወቀ ነው፤ በተለያዩ ሰዎች ወገብ ላይ አንዱ ሽጉጥ ተደጋግሞ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ያ ልጅ ከሦስት ወር የእግር ጉዞ በኋላ ምን ለብሶ እንደነበር ይህ ፎቶ አይነግረንም።

ሜዳ ላይ የተነሡት ፎቶዎችም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም። እንግሊዛዊው ሮጀር ፌንተን የክራይሚያን ጦርነት ፎቶ ሊያነሣ የደረሰው በማርች 1855 ነው፤ ሠራዊቱን የፈጀው ብርድ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ከመለሳቸው 360 ያህል ፎቶዎች መካከል ግን የ68ኛው ሬጅመንት ሰዎች የብርድ ጊዜ ልብሳቸውን ለብሰው የቆሙበት ይገኛል። ልብሱ እውነተኛ ነው፤ ወቅቱ ግን አይደለም። ከዚህም በላይ ፌንተን የፈረንሳዮቹን የዙዋቭ ወታደሮች ልብስ ለብሶ፣ ጠመንጃ ይዞ ራሱን አስነሥቷል። ስሙ ባይታወቅ ኖሮ ዛሬ ያን ፎቶ የዙዋቭ ወታደር አለባበስ ማስረጃ አድርገን እንጠቅሰው ነበር። በ1863 በአሜሪካ ከጌቲስበርግ ውጊያ በኋላ በፎቶ አንሺው በአሌክሳንደር ጋርድነር ቡድን የተነሣውና በድንጋዮች መካከል የወደቀ የደቡብ ተኳሽ የሚያሳየው ዝነኛ ፎቶም ሬሳው ከሌላ ቦታ ተወስዶ የተቀናበረ መሆኑ ከመቶ ዓመት በኋላ በጥንቃቄ በተደረገ የፎቶ ንጽጽር ተረጋግጧል። በአጠገቡ የቆመው ጠመንጃ ፎቶ አንሺው ያስቀመጠው ነው። ከዚያ ፎቶ የሟቹን ልብስ ማጥናት ይቻላል፤ ትጥቁን ግን አይቻልም። እንዲህ ያለውን መለየት ነው ጥናት ማለት።

ወደ አራተኛው ነጥብ ስመጣ ረዘም አድርጌ መጻፍ ግድ ይለኛል፤ ልብሱ ራሱ እዚህ ስለሚገባ። ጸሐፊው የተረፈው ልብስ የነበረው ልብስ ናሙና ነው ይላሉ። እንግዲህ ምን እንደተረፈ እንይ። የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ የተመታበት ኮት፣ ግራ ትከሻው ላይ ካለው የጥይት ቀዳዳ ጋር፣ በግሪኒች ሙዚየም ይገኛል። የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ በ1632 ሉትሰን ላይ ሲወድቅ የለበሰው የቆዳ ኮት ወደ ቪየና ተወስዶ በ1920 ወደ ስቶክሆልም ተመልሷል። የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ አርሽዱክ ፍራንዝ ፈርዲናንድ በ1914 ሳራየቮ ላይ የተገደለበት ልብስ ከነደሙ በቪየና የጦር ሙዚየም አለ። እነዚህ የተረፉት በለባሾቻቸው ምክንያት ነው፤ ስለ ብዙኃኑ ሠራዊት የሚነግሩን ጥቂት ነው።

የተራው ወታደር ልብስ ግን ጥሩ ሱፍ ስለነበረ እስኪያልቅ ተለበሰ። ወታደሩ ወደ እርሻው ሲመለስ ለብሶት አረሰ፤ ሲያረጅ ልጁ ለበሰው፤ ከዚያ መጣፊያ ሆነ። የቀረውን የጨርቅ ፋብሪካ ወሰደው። በእንግሊዝ ዮርክሺር ባትሊና ዲውስበሪ በሚባሉት ከተሞች አሮጌ ሱፍ በማሽን ተበጣጥሶ እንደገና የሚፈተልበት ኢንዱስትሪ ከ1813 ጀምሮ አድጎ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም የተቀደደ የወታደር ልብስ ወደዚያ ይላክ ነበር። አሮጌው ኮት አዲስ ኮት ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው። በ1914 እንግሊዝ ውስጥ የዘመቻ ጥሪ ሲታወጅ የካኪ ጨርቅ ስላልበቃ ለአዲሶቹ በጎ ፈቃደኞች ሰማያዊ ልብስ ታድሎ ነበር። እጅግ ብዙ ሰው ለብሶታል፤ ፎቶውም በብዛት አለ። ካኪው ሲደርስ ግን ሰማያዊው ተመለሰና አለቀ፤ ዛሬ የተረፈው በጣም ጥቂት ነው። በጸሐፊው ሚዛን ከሄድን በቁጥር ብርቅ የሆነው ይህ ልብስ ያኔም ብርቅ ነበር ልንል ነው።

በተቃራኒው አንዳንድ ልብስ ከነበረው ድርሻ በላይ ተርፏል። የጦርነት የመጨረሻ ዓመት ልብስ ከመጀመሪያው ዓመት ልብስ ይልቅ ይገኛል፤ ወታደሩ ወደ ቤቱ የገባው የመጨረሻውን ለብሶ ነውና። የአሜሪካ ደቡብ ጦር አጫጭር ኮቶች አብዛኞቹ ከጦርነቱ ማብቂያ ገደማ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። የበዓል ልብስ ከሥራ ልብስ፣ የመኮንን ልብስ ከተራ ወታደር ልብስ፣ ኮት ከሱሪ ይልቅ ይተርፋል። የውስጥ ሸሚዝና ካልሲ ማለት ይቻላል ጠፍተዋል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነውና።

ጸሐፊው በሙዚየም ያዩአቸው ኮቶች ትንንሽ ስለሆኑ የድሮ ወታደሮች ድንክዬዎች ነበሩ ማለታቸውም ከዚሁ ስሕተት የመጣ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የሰሜን ወታደሮች ሲመዘገቡ ቁመታቸው ይለካ ነበር፤ አማካዩ ወደ 172 ሴንቲሜትር ነው። ይህ ድንክዬ አያሰኝም። ትልቁና መካከለኛው ቁጥር ተለብሶ አልቆ፣ ለብዙ ሰው የማይሆነው ትንሹ ቁጥር ሳይለበስ ቀረ። የዘመኑ አሰፋፍም ዓይን ያታልላል፦ የእጅጌው መግቢያ ወደ ብብት ከፍ ያለና ጠባብ፣ ጀርባው ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ኋላ የተሳበ ነው። እንዲህ የተሰፋ ኮት በመስቀያ ላይ የልጅ ልብስ ይመስላል፤ በአንድ አዋቂ ላይ ሲያርፍ ግን ልኩ ይሆናል። በገበሩ ላይ የታተመውን የመጠን ቁጥር ፈልጎ ማንበብ ከግምት ያድናል።

አምስተኛው ነጥብ ልብሱ ዛሬ ያለው ቀለም የመጀመሪያ ቀለሙ ነው፣ ከቆሸሸም በጥንቃቄ ታጥቦ ይታይ የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ልብሱ ራሱ ያፈርሰዋል። የደቡብ ጦር ልብስ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ድሩ ጥጥ፣ ማጉ ሱፍ ከሆነ ጠንካራ ጨርቅ ነበር። ግራጫው ከዕፅዋት ማቅለሚያና ከብረት ጨው የተገኘ ስለነበር ፀሐይ ሲነካው ወደ ቡናማ፣ ወደ ገለባ መልክ ይዞር ነበር። ዛሬ በመደርደሪያ ላይ ቡናማ ሆኖ የሚታየውን ኮት ወስዳችሁ የአንገትጌውን የውስጥ ጥግ፣ ከቁልፉ ሥር ያለውን ክብ ምልክት፣ ወይም በገበሩና በጨርቁ መካከል የተደበቀውን የስፌት ትርፍ በአጉሊ መነጽር ብታዩ ብርሃን ያልነካው ግራጫ እዚያ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። እዚያው አጠገብ ብል ማጉን በልቶ ድሩን ብቻ የተወበት ቦታ ይታያል፤ ብል ሱፍን እንጂ ጥጥን አይበላምና፣ ጨርቁ ከምን እንደተሠራ ያለ ምንም መሣሪያ ይነግረናል።

የአጉሊ መነጽሩን ነገር ካነሣሁ አይቀር ስለ ፈረንሳዩ ቀላል ሰማያዊ ልብስ አንድ ነገር ልጨምር። ከሩቅ አንድ ወጥ ቀለም ይመስላል፤ ቀርቦ ለሚያየው ግን በአንድ ክር ውስጥ ነጭ፣ ደማቅ ሰማያዊና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ፀጉሮች ተጠላልፈው ይታያሉ። ሱፉ ከመፈተሉ በፊት ለየብቻ ተነክሮ የተቀላቀለ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ታስቦ የነበረው ሰማያዊ፣ ነጭና ቀይ ሱፍ የተቀላቀለበት ጨርቅ ሲሆን፣ ለቀዩ የሚያስፈልገው ማቅለሚያ የሚመጣው ከጀርመን ስለነበረ ጦርነቱ ሲጀመር ቀዩ ቀረና ሰማያዊና ነጩ ብቻ ተያዙ። ለቲያትርና ለሰልፍ የሚሠሩ የዘመናችን ቅጂዎች ብዙ ጊዜ የሚታወቁት ጨርቃቸው ከተሸመነ በኋላ በአንድ ቀለም የተነከረ በመሆኑ ነው። ማቅለሚያ ዘመንንም ይናገራል፦ የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ማቅለሚያ በዊልያም ፐርኪን እጅ የተገኘው በ1856 ስለሆነ እንዲህ ያለ ቀለም ያለበት ጨርቅ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። በተመሳሳይ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ቦግ ብሎ የሚያበራ ክር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመጣ የማንጫ ኬሚካል ስላለበት የ1860ዎቹ ነው የተባለ ኮት በእንዲህ ያለ ክር ከተሰፋ ወይ ተጠግኗል ወይ ሐሰተኛ ነው።

ስለ እጥበቱ አጥብቄ እቃወማለሁ። የዚያ ዘመን ማቅለሚያ ብዙው በውሃ ይለቃል። በብረት የጠቆረ ክር ከራሱ ማቅለሚያ የተነሣ ተበልቶ ስለሚሳሳ ገና ሲርስ ይበጠሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቆሻሻው ራሱ ማስረጃ ነው። በአንገትጌው ላይ ያለው የላብ ወዝ ልብሱ በእርግጥ መለበሱን፣ በቀኝ ትከሻ ላይ ያለው መፋቅ የጠመንጃ ማንገቻ በየት በኩል ያልፍ እንደነበር፣ በጉልበት ላይ ያለው ጭቃ ለባሹ የት እንደተንበረከከ ይናገራል። አንድ ጊዜ ታጥቦ የወጣውን ማንም አይመልሰውም። ሙዚየሞች ለእንዲህ ያለ ጨርቅ የሚፈቅዱት የብርሃን መጠን 50 ሉክስ ገደማ ብቻ የሆነው በከንቱ አይደለም።

የመጨረሻው ነጥብ ወረቀት ይጣል የሚለው ነው። ጸሐፊው የአለባበስ ደንብ ሊሆን የሚገባውን እንጂ የሆነውን አያሳይም ማለታቸው ትክክል ነው። ነገር ግን ወረቀት ሁሉ ደንብ አይደለም። የጨርቅ ግዢ ውል አለ፤ የግምጃ ቤት መዝገብ አለ፤ ለእያንዳንዱ ወታደር ምን መቼ እንደታደለው የሚያሳይ ሒሳብ አለ። የሰሜኑ ወታደር ለልብስ በዓመት 42 ዶላር ይያዝለት ስለነበር የወሰደው እያንዳንዱ ሸሚዝና ጫማ በስሙ ተጽፏል። ይህ የአለቃ ምኞት አይደለም።

ሁለት ምሳሌ ልስጥ። ጸሐፊው በእጅ የተሰፋ የሰሜን ወታደር ኮት አይተው፣ የስፌት መኪና በዚያ ዘመን ስለነበረ ይህ ቤተሰብ ለልጁ የሰፋው መሆን አለበት ብለዋል። የኤልያስ ሃው የስፌት መኪና የፈጠራ መብት የተመዘገበው በ1846፣ የሲንጀር በ1851 ስለሆነ መኪናው መኖሩ እውነት ነው። ሆኖም በፊላደልፊያ የነበረው የስኩልኪል የጦር ግምጃ ቤት የተቆረጠ ጨርቅ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሴቶች እያደለ በየቤታቸው በእጅ ያሰፋ ነበር፤ የእጅ ስፌት ይበልጥ ይጠነክራል ተብሎ ስለታመነ። ስለዚህ ያ ኮት የመንግሥት ልብስ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የነገረን ደግሞ ወረቀት ነው። የሱሪውም ነገር እንዲሁ ነው። የሰሜን እግረኛ ጦር ጥቁር ሰማያዊውን ሱሪ ትቶ ቀላል ሰማያዊ እንዲለብስ የታዘዘው በዲሴምበር 1861 ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ጠቆር ያለ ሱሪ የለበሰውን የ1861 ወታደር ፎቶ ሲያይ የሰሌዳው ጉዳይ ነው ወይስ የጨርቁ ብሎ እንኳ መጠየቅ አይችልም።

ሁለተኛው የደቡቡ ጦር ነው። በጦርነቱ መጀመሪያ የተነሡ ፎቶዎች ላይ የአንድ ሠራዊት ሰዎች አሥር ዓይነት ለብሰው ይታያሉ፤ ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ያ ጦር እስከ መጨረሻው ሥርዓት አልነበረውም ብለዋል። መዝገቡ ሌላ ይነግረናል። እስከ 1862 መጨረሻ ገደማ ድረስ ልብስ የሚያዘጋጁት የየሻምበሉ አዛዦችና የትውልድ መንደሮቻቸው ነበሩ፤ መንግሥት የሚሰጠው በምትኩ ገንዘብ ነበር። ያ አሠራር ሲሻር የመንግሥት ግምጃ ቤቶች በብዛት እያሰፉ ማደል ጀመሩ። ከሪችመንድ ግምጃ ቤት የወጡት አጫጭር ኮቶች ዛሬ በሦስት ዓይነት ተከፍለው ይታወቃሉ፦ ጠርዛቸው በጌጥ የተከፈፈ፣ ጌጡ የቀረና የትከሻና የቀበቶ መያዣ ብቻ ያላቸው፣ በመጨረሻም መያዣውም የቀረ። ይህ ክፍፍል የተገኘው የተረፉትን ኮቶች ስፌት በስፌት በማነጻጸር፣ በፎቶ ላይ የሚታዩትን በመቁጠርና መዝገቡን አብሮ በማንበብ ነው። በኋለኞቹ ኮቶች ላይ የሚታየው ጥሩ ሰማያዊ ግራጫ ሱፍም ሰሜኖቹ በደቡብ ወደቦች ላይ ባደረጉት የባሕር እገዳ ሾልኮ ከእንግሊዝ የገባ ነው። በአየርላንድ ሊመሪክ የነበረው የፒተር ቴት ፋብሪካ ተሰፍተው ያለቁ ኮቶችን ጭምር ይልክ ነበር።

ጸሐፊው ወረቀት ይጣል ሲሉ የፎቶው ጀርባም ወረቀት መሆኑን ልብ ያሉት አይመስለኝም። በጽሑፋቸው ውስጥ ያቀረቧቸው ካርድ ላይ የተለጠፉ ፎቶዎች ሁሉ ከፊት ብቻ የተነሡ ናቸው። በዚያ ካርድ ጀርባ የፎቶ ቤቱ ስምና አድራሻ ይታተማል። አንዳንዴ የወታደሩ ስምና ክፍሉ በእርሳስ ይጻፋል፤ መቼና በማን እጅ እንደተጻፈ መጠየቅ ቢኖርበትም። በአሜሪካ ከሴፕቴምበር 1864 እስከ ኦገስት 1866 ለፎቶ የጦርነት ቀረጥ ይከፈል ስለነበር በጀርባው ላይ ትንሽ የቀረጥ ቴምብር ይለጠፍ ነበር። ጸሐፊው የ1861 አዲስ ምልምል ናቸው ያሏቸው ወታደሮች ካርዶች ቢገለበጡና ያ ቴምብር ቢገኝባቸው፣ ካርዱ የታተመው ከሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ይታወቃል፤ ፎቶው ከአሮጌ ኔጋቲቭ እንደገና የታተመ ወይም ወታደሩ ከዘመቻ መልስ የተነሣው ይሆናል፤ ያ ንጹሕ ኮትም የምልምል ሳይሆን አዲስ የታደለው የነባር ወታደር ኮት የመሆኑ ዕድል ይከፈታል። ካርዶቹ በእጃቸው ካሉ ጀርባቸውንም አንሥተው ቢያወጡልን ስለ እነዚህ ፎቶዎች የተነሣው ክርክር በአብዛኛው ይዘጋል።